ከሴቶዳ፣ ለባሕር ዳሩ ወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ከጃፓን ስጽፍልህ፣ ምን ነካው ሳትል አትቀርም። እናትህ ባረፉ ጊዜ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ስልክ እንኳ አልደወልኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ብዬ ላጽናናው አልኩ፤ ወር ሲያልፍ አፈርኩ፤ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ በምን ፊቴ አልኩ። ሰበብ ልደረድርልህ አይደለም። ትናንት ያየሁትን ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ጃፓንን በብስክሌት እየዞርኩ ነው። ጉዞዬን ቶኪዮ ላይ የጀመርኩት አበበ ቢቂላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በሮጠበት ጎዳና ነው። ቾፉ በሚባለው ስፍራ ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበትን ቦታ የሚያሳይ መታሰቢያ ቆሟል። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ቢሆነው ነው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ የጨረሰው። ብስክሌቴን አስደግፌ ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙውን መንገድ አልተርክልህም፤ ዝናብና የጭነት መኪና ነበር። ሂሮሺማ ላይ ግን ግማሽ ቀን ቆየሁ። በሰላም መታሰቢያው ሙዚየም ውስጥ አንዲት የተቃጠለች ባለ ሦስት ጎማ የሕፃን ብስክሌት አለች። ቦምቡ በወደቀበት ጠዋት፣ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ በቤቱ ደጅ ይጫወትባት ነበር። ሌሊቱን አላደረም። አባቱ ልጁን ከቤቱ አርቆ ለብቻው ሊያኖረው አንጀቱ አልቻለም፤ ከብስክሌቲቱ ጋር በጓሮው ቀበረው። ከ40 ዓመት በኋላ አጽሙን አውጥቶ በቤተሰቡ መቃብር ሲያሳርፍ ብስክሌቲቱን ለሙዚየሙ ሰጠ። ብረቷ በዝገት ተበልቷል። ከፊቷ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ዝም ብለው ነበር፤ እኔም እንደ እነርሱ።

ከኦኖሚቺ ወደ ኢማባሪ የሚወስደው መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ስድስት ደሴቶችን በድልድይ ያያይዛል። አስፋልቱ ዳር የተቀባውን ሰማያዊ መስመር ከተከተልክ አትጠፋም። ወደ ድልድዮቹ የሚያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ዳገቱ አይሰማህም፤ ከታች ባሕሩ፣ ከጎንህ የሎሚ ተክል።

በሦስተኛዋ ደሴት፣ በኢኩቺጂማ፣ ሴቶዳ ላይ ኮሳንጂ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። ያሠራው በብረት ቱቦ ንግድ የበለጸገ ሰው ነው። እናቱ ስታርፍ መነኮሰ፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮም ሠላሳ ዓመት ያህል ለእርሷ መታሰቢያ በር በበር፣ አዳራሽ በአዳራሽ እየጨመረ ኖረ። ከላዩ ከጣሊያን ካራራ በመጣ እምነ በረድ የተሠራ ነጭ ኮረብታ አለ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጭበረብራል።

እዚያ ተቀምጬ እናትህን አሰብኩ። ጣና ዳር በሰዓት የምንከራያት ቀይ ብስክሌት ትዝ ትልሃለች? አንተ ኮርቻዋን ከኋላ ይዘህ እየሮጥክ ታስተምረኛለህ፤ ኪራዩን የሚሰጡን ግን እርሳቸው ነበሩ። የመቀነታቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ፈትተው ሳንቲሙን መዳፌ ላይ ያኖሩልኛል። ከወገባቸው ስለሚወጣ ሁልጊዜ ይሞቅ ነበር። ጉልበቴ በተላጠ ቀንም ቁስሉን በጨው ውኃ አጥበው፣ «ነገም ትነዳለህ» ብለው ሌላ ሳንቲም ጨመሩልኝ። ለአንተ እናት፣ ለእኔም እናት ነበሩ፤ እኔ ግን አፈር እንኳ አላለበስኳቸውም።

ዛሬ ጠዋት ታታራ ድልድይ ላይ ወጣሁ። በምሰሶው ሥር መንገደኛ የሚያጋጫቸው ጥርብ እንጨቶች ተቀምጠዋል። ስታጋጫቸው ድምፁ በምሰሶዎቹ መካከል እየተመላለሰ ወደ ላይ ይወጣል፤ «የሚያለቅሰው ዘንዶ» ይሉታል። አንድ ጊዜ አጋጨሁና ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥኩ። ከዚያ ወደ ሴቶዳ ተመልሼ ይህን ወረቀት አወጣሁ።

የሰባት ዓመት ተዝካራቸው በመጪው ጥር መሆኑን ቆጥሬያለሁ። ፈቃድህ ከሆነ እመጣለሁ። የጠላውን ገብስና ጌሾ ለእኔ ተውልኝ፤ መቃብራቸውንም አንተው ራስህ ወስደህ አሳየኝ።

መልስህን እጠብቃለሁ።

ናፋቂህ ወንድምህ