መደቡ በመዋቅሩ ውስጥ የለም፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዩኒቨርሲቲ አብያተ መጻሕፍት የብራና መጻሕፍትን ዲጂታል ስብስቦች የሚያውቅ ባለሙያ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

የማማክረው አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድን ገድል ሁለተኛ ቅጂ ፍለጋ ወደ አንድ ገዳም ሄዶ ነበር። በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ከዚያ በእግር ግማሽ ቀን ተጓዘ። ሲደርስ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት አባት ለቀብር ወጥተዋል ተባለ። ሁለት ሌሊት ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን አባ መጡና የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ አገላብጠው አይተው፣ "ይህማ ከሀገረ ስብከት መምጣት አለበት" አሉት። አልተቀየምናቸውም። ስንት መጽሐፍ በእንግዳ ቦርሳ ወጥቶ እንደቀረ እያወቁ እንዴት ይመኑ? ልጁ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ጽሑፉንም በአንድ ቅጂ ብቻ ላይ ተመሥርቶ ጨረሰ። በመመረቂያ ጽሑፉ ግምገማ ዕለት ፈታኙ "ሌላ ቅጂ አልፈለግህም?" ብለው ሲጠይቁት ጫማውን እያየ ዝም አለ።

ስምንት ወር ያህል ቆይቼ ለሌላ ጉዳይ ኢንተርኔት ስፈትሽ ያንኑ መጽሐፍ አገኘሁት። ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አለ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ይሁንና በኅዳጉ ላይ የፈሰሰው የጧፍ ጠብታ ሳይቀር ይታያል። የተነሣው ተማሪው ከመወለዱ በፊት ነው። ለማንበብ ክፍያ የለውም፤ በኢሜይል መመዝገብ ብቻ ይበቃል። እኔ አማካሪው አላውቅም ነበር። የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኞችም አያውቁም ነበር። ለልጁ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ምን ችግር አለው መምህር" አለኝ። ችግርማ ነበረው።

ፎቶውን ያነሣው ሥራ በእኛው ሰዎች እጅ የተሠራ ነው፤ ለዚህም ነው አለማወቄ ይበልጥ ያሳፈረኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 መንበረ ፓትርያርኩ በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በምትባል መንደር ከሚገኘው የብራና መጻሕፍት ማዕከል ጋር ተባብሮ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማስነሣት ጀመረ። አብዮቱ መጣ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በመጨረሻ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ሄደ። እዚያ ፊልሙን ገልጠው መጽሐፍ በመጽሐፍ ካነበቡት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በወታደሮች ጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ የሆነ፣ ከ1976 ጀምሮ እስከ እርጅናቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የማን ገድል፣ የማን ድርሳን፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተጻፈ የለዩ ሰው። የታተመው ካታሎግ አሥር ቅጽ ነው፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ሸፍኖ ነበር። ያ ማይክሮፊልም ነው ዛሬ በዲጂታል ተለውጦ ለማንም ክፍት የሆነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያጻፉት ወንጌል እንኳን እዚያ በቁጥር 1832 ተመዝግቦ ይገኛል። ደሴ ያለ ተማሪ ሐይቅን ለማየት ወደ ሚኒሶታ ቢዞር ይሻለዋል ማለት ነው። ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም።

ሌሎችም አሉ። የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 "ቤተ መጻሕፍት" በሚል የግእዝ ስም የጀመረው ሥራ ለ25 ዓመት የታቀደ ነው፤ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት፣ ጸሐፊ፣ ባለቤትና የቦታ ስም እያያዘ ይመዘግባል፣ መረጃውንም ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። እዚያው ሀምቡርግ የጀርመናዊውን ሊቅ የዲልማንን፣ እ.ኤ.አ. በ1865 የወጣውን የግእዝ መዝገበ ቃላት በፊደላችን ተጽፎ እንዲፈለግ አድርገው አውጥተውታል። ታትሞ የወጣውን ትልቅ ቅጽ ለማየት ወረፋ ይዘን ላረጀን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ ይከብደኛል። በፕሪንስተን ከ1,000 በላይ የተአምረ ማርያም ታሪኮችን ይዞ የትኛው ተአምር በየትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ስብስብ አለ። በመቅደላ ከተዘረፉት መካከል ወደ 350 የሚጠጉት ያሉበት የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍትም የተወሰኑትን ፎቶ አንሥቶ አሳይቷል። የአፍሪካ ቀንድን የእስልምና ጽሑፎች በተመለከተ ኮፐንሃገን ላይ የተሠራ ሥራ አለ፤ የሐረርንና የወሎን የአጀሚ ጽሑፍ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) የሚያጠኑ ተማሪዎቻችን ከግእዝ ተማሪዎቹ ያነሰ ነው የሚነገራቸው።

ታዲያ ከመሥሪያ ቤታችሁ የምጠይቀው ግዢ አይደለም። ኮምፒውተር አልጠይቅም፤ በር ላይ "ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት" የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል በየዩኒቨርሲቲው አለ፤ ተማሪዎቹ ውስጡ ቁጭ ብለው ፊልም ያያሉ፣ ሌላ ምን እንደሚታይ የነገራቸው የለምና አልፈርድባቸውም። የምጠይቀው ሰው ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ግእዝ ወይም ዐረብኛ የሚያነብ፣ ካታሎግ የሚያውቅ፣ "ይህ ገድል ሌላ ቅጂ ይኖረው ይሆን?" ብሎ ለመጣ ተማሪ በግማሽ ሰዓት መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው።

ይህንኑ ለዩኒቨርሲቲያችን አስተዳደር በጽሑፍ አቅርቤ ነበር። መልሱ አጭር ነበር፦ "መደቡ በመዋቅሩ ውስጥ የለም።" እውነታቸውን ነው። በመዋቅሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አለ፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያ አለ፣ የካታሎግ ሠራተኛ አለ። የካታሎግ ሠራተኛው ግእዝ አያነብም፤ ግእዝ የሚያነበው የፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ምሩቅ ደግሞ ሥራ አጥቶ የኮንዶሚኒየም ድለላ ውስጥ ገብቷል። ከድጓ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች አሉን። ብራናውን ከእኔ በላይ ያነባሉ። የዲጂታል ስብስቦቹ ገጽ የሚከፈተው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ የመመዝገቢያው ቅጽ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፍለጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላልና።

ተማሪው "ጸሎት" የሚለውን ቃል ሊፈልግ ይነሣል። አንዱ ካታሎግ "ጸ"ን ከሥሩ ነጥብ ባለው ኤስ ይጽፋታል፣ ሌላው በቲና በኤስ። "ሐ" እና "ኀ" በአንዱ ቦታ ተለይተው ይመጣሉ፣ በሌላው ተቀላቅለዋል። በፊደላችን መፈለግ የሚቻልበት ቦታም ቢሆን "ፀሐይ" ብሎ የጻፈ "ጸሓይ"ን አያገኝም። ስም ላይ ሲደርስ ይብሳል። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያዊን ስም በራሱ ስም መመዝገብ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ በብዙ የመጽሔት መፈለጊያዎች ላይ ግን መስፍን ወልደ ማርያምን የሚፈልግ ሰው "ወልደ ማርያም" ብሎ አባትየውን መጥራት አለበት። ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ "ኃይሌ" ሥር ከሌሎች ብዙ ኃይሌዎች ጋር ተሰልፈው ይገኛሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ ተማሪው ሁለት ጊዜ ሞክሮ "የለም" ብሎ ይነሣል። ስንት መመረቂያ ጽሑፍ ላይ "በዚህ ርእስ የተሠራ ጥናት የለም" የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበብኩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የራሳችን ምርትም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ያዛል። ጥሩ ፖሊሲ ነው፤ ስለ እሱ ማመስገን ይገባኛል። ግን ምን እየገባ ነው? ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን አንድ ዓይነት አድርገው የሚያነቡበት ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ፣ የግእዝን ፊደል ከተቀበለ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ መቶ ዘመን አልፎታል። ሆኖም በአማርኛ የተጻፉ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው በማይግባቡ የድሮ የፊደል ፕሮግራሞች ተተይበው ነው የተቀመጡት፤ ወይም ተጠርዘው ከወጡ በኋላ ወረቀቱ ፎቶ ተነሥቶ ነው። ዐይን ያነባቸዋል፣ ኮምፒውተር አያነባቸውም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ውስጥ የገባ የአማርኛ ጽሑፍ ገልብጬ ስለጥፈው የወጣልኝ የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ነበር። ይህን የሚያይና "እባክህ በዩኒኮድ አምጣው" ብሎ የሚመልስ ሰው በር ላይ ቢኖር ኖሮ አይገባም ነበር።

ስለ ሃርድ ዲስኩም ልንገራችሁ። የውጭ ፕሮጀክቶች ፎቶ አንሥተው ሲጨርሱ ቅጂ ለአገር ውስጥ ተቋም የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ የሚያደርጉትም አሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ለጥናት ሄጄ "ቅጂው እናንተ ጋር አለ ይባላል" ስል ኃላፊው በአክብሮት መሳቢያቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ሃርድ ዲስኩ ከነማሸጊያው ነበር። ከተረከቡት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ማን እንደሚከፍተው፣ ተከፍቶስ የት እንደሚቀመጥ ማንም አልነገራቸውም። በጥንቃቄ ይዘውታል፤ ያ አባት የገዳሙን መጽሐፍ እንደያዙት።

ይህ ቀልድ የማይሆንበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በመረጃ ዘራፊዎች ጥቃት ደረሰበት። ድረ ገጹ ወደቀ፤ ዲጂታል የብራና ስብስቡ ለብዙ ወራት ጠፋ። ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት በሚለው መርሐ ግብራቸው ፎቶ የተነሡት የእኛ መጻሕፍትም ከዓይን ተሰወሩ። በዚያን ጊዜ አንድ ተማሪዬ ሥራው መካከል ላይ ነበር። ቅጂው እዚህ ካለ ተቋም ይገኛል ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብሎ ቀረ። ትግራይ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 በአውሮፓ ገንዘብ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሰፊ የፎቶ ሥራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ ለማጣራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ዝርዝር ያ ነው፤ ዝርዝሩን ለመክፈት ግን እዚህ ሆነን ሀምቡርግን እንጠይቃለን።

ስለዚህ በቀጥታ ልጠይቅ። ፊሎሎጂ፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ በሚያስተምሩት ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዚህ ዓይነት አንድ መደብ በመዋቅር ይፈቀድ፤ ከአርባ በላይ የሆኑት ሁሉ በአንድ ቀን ይጀምሩ አልልም፣ በአምስት ወይም በስድስት ቢጀመር ይበቃል። የትምህርት ዝግጅቱ መስፈርት ላይ ግእዝ ወይም ዐረብኛ ማንበብ ይጻፍ፤ "የኮምፒውተር ዕውቀት ያለው" የሚለው ብቻ አይበቃም። ሥልጠናውን ለመስጠት ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከማንም ይቀርባል፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ይህን ሥራ የኖረበት ነው። የውጭ ፕሮጀክት ፈቃድ ሲሰጠውም ቅጂው በመሳቢያ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶ የሚፈለግ ሆኖ እንዲገባ፣ የሚረከበው ሰውም በስሙ እንዲታወቅ ከባህል መሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋገሩበት።

ደመወዙ ስንት እንደሚሆን የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ይወቀው። እኔ የማውቀው ከላይ የጠቀስኩት ተማሪ አሁን የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ መምህር መሆኑን ነው። ሁለተኛውን ቅጂ ሙሉውን አውርጄ ልኬለታለሁ፤ በትርፍ ጊዜው እያነጻጸረ ነው። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አርባ ሦስት ልዩነት አግኝቷል፣ አንዱም የቅዱሱን የትውልድ አገር ይለውጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር

ግልባጭ፦
ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
አዲስ አበባ