በነሐሴ የጉማራን አፍ ለዓሣው እንተውለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ሰሞኑን የጣና ዓሣ እየተመናመነ መሄዱን የሚያወሳ ጽሑፍ አውጥታችኋል። ዓይኔ ስለደከመ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። አብዛኛው እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ የዓሣ አጥማጁ ተደርጎ ነው የቀረበው። እኛ አላጠፋንም ልል አይደለም የምጽፍላችሁ። አጥፍተናል። እኔም አጥፍቻለሁ። ግን ውኃው የት ጋ እንደታመመ በየቀኑ የምናየው እኛው ነን። ሐይቁ ይጠበቅ ከተባለ ያለ እኛ አይሆንም።

ጣና ላይ መሥራት ከጀመርኩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። አባቴ በደንገል ታንኳ ነበር የሚያሰግረው። ታንኳ ብዙ ዓሣ አይችልም፣ ሩቅም አይሄድም። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ይጣልና ሌላ ይሠራል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ መጣ። እኔ የደረስኩት በሞተሩ ዘመን ነው። አባቴ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ወንዝ አፍ ዝር አይልም ነበር። «ወላድ ናት፣ ተዋት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሞተር ስላለኝ የእሱ ወሬ ያረጀ መስሎ ታየኝ።

ከተማ ውስጥ ዓሣ ሁሉ ያው ዓሣ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቢልጫ አለ። ቆሮሶ ዳር ዳሩን፣ ሣሩ ውስጥ ነው የሚራባው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። የቢልጫ ነገር ሌላ ነው። ክረምቱ ገብቶ ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ሲሞሉ፣ ብዙው የቢልጫ ዘር ከሐይቁ ተነስቶ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ጎርፉን እየገፋ ሽቅብ ይወጣል። የሚፈልገው ውኃው የሚሮጥበት፣ ጠጠሩ የጠራበት ቦታ ነው፤ እንቁላሉን እዚያ ጠጠር መሐል ይጥላል። ጠጠሩን ጭቃ ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

አንድ ተመራማሪ ዓሣ ማራገፊያው ላይ ቁጭ ብሎ ያመጣነውን አንድ በአንድ ሲለካ ይውል ነበር። ጣና ውስጥ 15 ዓይነት ቢልጫ እንዳለ ያስረዳኝ እሱ ነው። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ጠፍቷል። ጣና ላይ በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል በተደረገው ጥናት ደግሞ ቢልጫው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ሲነግረኝ አልተከራከርኩም። መረቤ ቀድሞ ነግሮኛል።

አሁን የራሴን ልናገር። ፍልሰታ የሚገባው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። በፍልሰታ ዓሣ የማይበላ ብዙ ሰው አለ፤ የሚበላው ግን ለገበያው ይበቃል። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የዓሣ ዋጋ ይወጣል። ቢልጫ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይቆማል። እንግዲህ አስቡት፤ ገበያው ይጠራል፣ ዓሣው አንድ ቦታ ተከማችቷል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ደርሷል። አንድ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ መረብ ጣልን። ሊነጋ ሲል ለሦስት ሆነን ማውጣት አቃተን። መረቡን ስንጎትት የዓሣዎቹ ሆድ ከጀልባው ጠርዝ ጋር እየተጫነ እንቁላሉ ይፈሳል። ቢጫ ነው፣ እንደ ማሽላ ፍሬ። ጀልባው ውስጥ የገባውን ውኃ በጣሳ ስንቀዳ የምንቀዳው እንቁላል ነበር። ገመዱ ላይ፣ እጃችን ላይ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ተለጥፏል። ያን ቀን ጥሩ ብር አገኘሁ። ማታ ጀልባውን ሳጥብ ግን አባቴ ትዝ አለኝና እዚያው ቁጭ አልኩ።

ወንዙን ሽቅብ ብትሄዱ ደግሞ ብርብራ የሚባል ዛፍ አለ፤ ፍሬው ለዓሣ መርዝ ነው። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ ይበትኑታል። ዓሣው ትንፋሽ እያጠረው ወደ ላይ ይወጣል፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ በጎኑ ይገለበጣል። ብርብራ ትልቅና ትንሽ አይመርጥም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ጣት የሚያክሉ ዓሣዎችን በባርኔጣው ሲለቅም አየሁት። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ከእሱ በታች ሴቶች ለቤት የሚሆን ውኃ በጄሪካን ይቀዳሉ። በልጁ ላይ መቆጣት አልቻልኩም። እኔ በአንድ ሌሊት የጨረስኩትን እሱ በዓመት አይጨርሰውም።

ከዚያ በኋላ ነው ጥቂት ጀልባ ያለን ሰዎች ተነጋግረን ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ የወንዙን አፍ ላለመንካት የተስማማነው። ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ሌሊት ሄዶ መረብ ጣለ። ስንይዘው ሚስቱ ታማበት የመድኃኒት መግዣ አጥቶ ኖሯል። መረቡን አልቀማነውም። ብር አዋጥተን ሰጠነው፤ እሱም ከዚያ ወዲያ ከሁላችንም በላይ ጠባቂ ሆነ። በወር የምናስቀምጣት ትንሽ መዋጮ የመጣችው ከዚያ ነው። በክረምት ለተቸገረ ትሰጣለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከማንኛውም ቅጣት ይልቅ የወንዙን አፍ የዘጋችው እሷ ናት።

ወደ ላይ ወጥተን ገበሬዎቹንም አነጋገርን። መጀመሪያ አልተቀበሉንም። አንድ ትልቅ ሰው ቡና አስፈልተው ካስቀመጡን በኋላ «እናንተ ለዓሣችሁ መጣችሁ፣ የእኔን መሬት ማን ይጠይቅልኝ?» አሉን። እጄን ይዘው ወደ ወንዙ ወሰዱኝ። ገልባጭ መኪና በየቀኑ እየገባ አሸዋውንና ጠጠሩን ሲዝቅ የወንዙ ዳር ተንዷል። የጤፍ ማሳቸው ጫፍ ውኃው ላይ ተንጠልጥሏል። የባሕር ዛፋቸው ሥር ወጥቶ ይታያል። ያኔ ገባኝ። የእሳቸውን መሬት የሚበላው ጉድጓድ የእኔን ዓሣ ማራቢያ ጠጠር ነው የወሰደው። የተናደው አፈር ደግሞ ቁልቁል ወርዶ የቀረውን ጠጠር ይሸፍናል፣ ሐይቁንም ያደፈርሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርብራ ሲወቀጥ ስልክ የሚደውሉልን እሳቸው ናቸው።

አቤቱታችንን ይዘን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደናል። የተሰጠን መልስ ነዳጅ የለም፣ ጀልባ የለም የሚል ነው። እኛ ጀልባ አለን። ነዳጁንም ብዙ ሌሊት ከኪሳችን ችለናል። ያጣነው መረብ የጣለን ሰው «ተው» ስንለው «አንተ ማን ነህ?» ሲለን የምናሳየው ወረቀት ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣና በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከተመዘገበም ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ? ማኅተም ያለበት አንድ ደብዳቤ ለዓሣ አጥማጁና ለገበሬው ይሰጥ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ደግሞ ወደ ወንዞቹ ገልባጭ አይግባ። አሸዋ በሌላ ጊዜ ይወጣል፤ ቤት መሥራት ይቁም አላልኩም። በበጋም ወንዙን በፓምፕ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መምጠጥ ይቅር። በጥቅምት ወደ ሐይቁ ያልወረደችው ግልገል ዓሣ ኩሬ ውስጥ ቀርታ ፀሐይ ሲያደርቃት በዓይኔ አይቻለሁ።

እምቦጭን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በፎገራና በደምቢያ በኩል ስንት ሕዝብ ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ ነቀለው፤ ከሩቅ አገር ድረስ መጥቶ የነቀለ አለ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን እምቦጭ የሚበላውን እያበላነው ነው። ማዳበሪያው ከማሳ ታጥቦ ይገባል፣ የከተማው ፍሳሽ በቱቦ ይገባል። እኔ ጀልባዬን ከማስርበት ቦታ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ አንድ ቱቦ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ሳሙና የሚሸት ነጭ አረፋ ይተፋል። የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የደሴት ሰዎችና የገዳማት መነኮሳት ከዚህ ሐይቅ ነው ቀድተው የሚጠጡት።

ድሮ ይህን ቆሻሻ ደንገሉ ያጣራው ነበር። ደንገል ባለበት ዳር ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ ቆሮሶም እዚያው ይወልዳል። ስለ ደንገል ከተነሳ የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችንን መጠየቅ ይገባል። አያቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ዛሬ ታንኳና ቅርጫት ይሠራሉ፣ ዓሣ ያሰግራሉ። የቱ ዳር ላይ ደንገል እንደነበረ፣ የቱ ጋ ቢተከል እንደሚይዝ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ስለ ሐይቁ በተጠራ ስብሰባ ላይ ግን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ሰኔ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉማራ ይደፈርሳል፣ ቢልጫውም ይነሳል። ባለፈው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ከእኒያ ገበሬ ጋር አንድ ገባር ዳር ቆመን ነበር። ውኃው ከጉልበት አይበልጥም። ዝናቡ አባርቶ ሲጠራ ዓሣዎቹ ጀርባቸው ከውኃው ወጥቶ ጠጠሩን በጭራቸው ሲጠርጉ አየናቸው። ቆጠርናቸው፤ ከሃያ በኋላ ተምታታብን። እኒያ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ወንዝ ዳር ኖረው አይተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ጋዜጠኛችሁን በነሐሴ ብትልኩልን ደስ ይለናል። ሌሊት የወንዙን አፍ የሚጠብቀው ጀልባ ላይ ቦታ አለን። የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ ይያዝ። በማግስቱ ደግሞ ሽቅብ እንወስደዋለን፤ እኒያ ገበሬ ቡና ያስፈላሉ፣ አሸዋው የተዛቀበትን ጉድጓድም ዓሣው የሚወልድበትን ጠጠርም ያሳዩታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጣና ዓሣ አጥማጆች አንዱ፣ ባሕር ዳር