በቀስታ የሚንኳኳው ኒውክለስ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የጅማ ዝናብ ግን ገና አልለቀቀንም። «አባዬ፣ ሌላው በግዙፍ ማፋጠኛ ቅንጣት እያጋጨ እኔ በዝቅተኛ ጉልበት የሚደረገውን ጥናት ብመርጥ ወደ ኋላ መቅረት አይሆንብኝም?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በስልክ የሰጠሁሽ መልስ አጭር ስለነበር በጽሑፍ ላሟላው ወደድሁ።

እናትሽ ከሕርማታ ገበያ ጀበና ስትገዛ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ፣ ድምፁን አዳምጣ ስንጥቅ እንዳለበት ትለያለች እንጂ በድንጋይ ሰብራ ስባሪውን አትመረምርም። ኤሌክትሮንና ጋማ ጨረር (ከፍተኛ ጉልበት ያለው የብርሃን ዓይነት) ለኒውክለስ፣ ማለትም ለአቶም እምብርት፣ እንደዚያች ጣት ናቸው። የሚነኩት በዋናነት በኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል ሲሆን፣ የዚህ ኃይል ብርታት መለኪያ 1/137 ገደማ በመሆኑ ምታቸው ለስላሳ ነው፤ ሕጉም ጠንቅቆ ይታወቃል። ፕሮቶንን በፕሮቶን ስንመታ ግን መቺውም ተመቺውም ውስብስብ ስለሆኑ ያየነው ነገር ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1934 እ.ኤ.አ. ጄምስ ቻድዊክና ሞሪስ ጎልድሃበር 2.6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ጉልበት ባለው ጋማ ጨረር የከባድ ሃይድሮጅንን ኒውክለስ ወደ ፕሮቶንና ኒውትሮን ለያዩት፤ ሁለቱን አጣብቆ የያዘው ጉልበት 2.2 ብቻ ነበርና የተረፈውን ጉልበት ለክተው ኒውትሮን ከፕሮቶን እንደሚከብድ አረጋገጡ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የኦክስጅን ነገር ነው። የምንተነፍሰው ኦክስጅን በከዋክብት ሆድ ውስጥ ካርቦንና ሂሊየም ሲዋሃዱ የተገኘ ነው፤ ውህደቱ ግን የሚፈጸመው በ300 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነና በዚያ ጉልበት እጅግ ብርቅ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ከፍ ባለ ጉልበት የለኩትን ይዘው ወደ ታች ለመገመት ተገደዋል። ስለዚህ ጉዳዩን ከኋላው ጀመሩት፦ ኦክስጅንን በጋማ ጨረር ወይም በኤሌክትሮን መትቶ ወደ ካርቦንና ሂሊየም መክፈል፣ ከዚያም የመለያየቱን መጠን ይዞ የመዋሃዱን ማስላት። በጀርመን ማይንዝ የተነደፈው ሜሳ የተባለ ማፋጠኛ እስከ 105 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የደረሱ ኤሌክትሮኖችን በቀጭን የጋዝ ፍሰት ውስጥ እንዲያሳልፍ የታሰበው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጭምር ነው። በከዋክብት ውስጥ ምን ያህል ካርቦን ሳይለወጥ እንደሚተርፍ የሚወስነው ይህ የመዋሃድ መጠን ነውና፣ ልጄ፣ ትንሽ ጥያቄ ነው አትበዪ።

የፕሮቶንንም ራዲየስ አስቢ። ለዓመታት 0.877 ፌምቶ ሜትር (አንዱ ፌምቶ ሜትር የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ነው) ገደማ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2010 በስዊዘርላንድ ኤሌክትሮኑ በከባድ ዘመዱ በሙዮን በተተካበት ሃይድሮጅን ሲለካ 0.842 ሆነ፤ በ2019 በአሜሪካ ጄፈርሰን ላብ በተባለው የምርምር ማዕከል በጥቂቱ ብቻ የታጠፉ ኤሌክትሮኖችን ያጠኑት ደግሞ 0.831 አገኙ። የመጀመሪያው የአራት በመቶ ልዩነት ዓለምን ያነጋገረው ሁለቱም ወገኖች የስህተት ወሰናቸውን፣ ማለትም ልኬታቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት የሚችልበትን መጠን፣ አጥብበው ስለነበር ነው፤ ወሰኑ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን ማንም ባላስተዋለው ነበር።

በማስተማር ዘመኔ ተማሪዎቼ ያለ ስህተት ወሰን የሚያመጡትን ቁጥር ዝም ብዬ መቀበሌ ዛሬ ይቆጨኛል። የመጀመሪያውን ልኬትሽን ስትልኪልኝ ወሰኑን አብረሽ ጻፊልኝ፤ እንዴት እንዳገኘሽውም አስረጂኝ።

አባትሽ