የአርሰናል ባለታሪኮች ከ1992 በፊትም ነበሩ

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ «የአርሰናል የምንጊዜም ባለታሪኮች» በሚል ርዕስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ስለ ቴሪ ሄንሪ 228 ግቦች፣ ስለ ዴኒስ ቤርካምፕ የኳስ አያያዝ፣ እንዲሁም በ2003/04 የውድድር ዘመን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ስላነሳው ቡድን የቀረበው ሁሉ ትክክል ነው፤ አጻጻፉም ያማረ ነው። ቅሬታዬ በተጻፈው ላይ ሳይሆን በተዘለለው ላይ ነው። ከዘረዘራችኋቸው አሥር ተጫዋቾች መካከል ከቶኒ አዳምስና ከኢያን ራይት በስተቀር ሁሉም ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረበት ከ1992 ወዲህ ወደ ክለቡ የመጡ ናቸው (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1886 በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የተመሠረተ ክለብ ያን ሁሉ ዘመን ያለ ባለታሪክ ኖረ ብሎ ማመን ይከብዳል።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ዝርዝሩ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ በወጣ ማግስት ጨዋታ ለማየት በሰፈራችን ወደሚገኘው የዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ነበር። ከፊቴ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው የአሥራ አራት ወይም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጀርባው ላይ የቡካዮ ሳካ ስምና 7 ቁጥር የታተመበት ቀይ ማልያ ለብሷል፤ ከመታጠብ ብዛት የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተላጦ ረግፏል። ጋዜጣችሁን አጣጥፎ ይዞት ስለነበር ይህን ቁጥር ከሳካ በፊት እነማን ለብሰውት እንደነበር ጠየቅሁት። ሮሲስኪንና ፒሬስን ጠራልኝ። «ከእነሱ በፊትስ?» ስለው ጋዜጣውን ገልጦ አየና «ከእነሱ በፊት እዚህ ላይ የለም» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም፤ የለም። እኔ የምጠብቀውን ስም ከመጥራቴ በፊት ግን ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ልጀምር።

ራይት በ1997 የክለቡን የግብ ክብረ ወሰን መስበሩን ጽፋችኋል፤ የማንን ክብረ ወሰን እንደሰበረ ግን አልጻፋችሁም። የክሊፍ ባስቲንን ነው። ባስቲን በ1929 ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከኤክሴተር ሲቲ ወደ አርሰናል የቀድሞ ሜዳ ወደ ሃይበሪ መጥቶ 178 ግቦችን ያስቆጠረ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በግራ ክንፍ እየተጫወተ ያስቆጠረ ሰው ሲሆን፣ በ1932/33 በሊጉ ብቻ 33 ጊዜ ኳስን ከመረብ አገናኝቷል። ዛሬ አንድ የክንፍ ተጫዋች በዓመት ሃያ ግብ ሲያገባ የምንደነቅ ሰዎች፣ ዝናብ ሲጠጣ በሚከብድ የቆዳ ኳስና በጭቃ ሜዳ ላይ የተሠራውን ይህን ሥራ ሳንጠቅስ ስለ ክለቡ አጥቂዎች ማውራት ተገቢ አይመስለኝም። ባስቲን ጆሮው እየደከመ ሄዶ በመስማት ችግር ምክንያት ከውትድርና የቀረ ሰው ነበር፤ የፋሺስት ጣሊያን ሬዲዮ ግን በ1941 «በቀርጤስ ጦርነት ማርከነዋል» ብሎ ለዓለም አሰራጭቷል። ጠላት ለፕሮፓጋንዳው የመረጠው ስም የእግር ኳስ ተጫዋች ስም መሆኑ፣ ሰውዬው በዘመኑ ምን ያህል ዝነኛ እንደነበር ያሳያል።

ባስቲንን ያመጣው አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን ነው። በ1925 ክለቡን ሲረከብ አርሰናል አንድም ትልቅ ዋንጫ አልነበረውም፤ በ1930 የመጀመሪያውን ኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ)፣ በ1931 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ፤ ጥር 1934 ላይ በሳንባ ምች ሲሞትም ቡድኑ ወደ ሌላ ዋንጫ እየገሰገሰ ነበር። ጽሑፋችሁ ስለ ተጫዋቾች እንጂ ስለ አሰልጣኞች አለመሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ክለቡ ራሱ በ2011 ከስታዲየሙ ደጃፍ ሦስት ሐውልቶች ሲያቆም ከሄንሪና ከአዳምስ ጎን ያቆመው የቻፕማንን መሆኑ፣ አርሰናሎች ታሪካቸውን ከየት መቁጠር እንደሚጀምሩ በግልጽ ይናገራል። የቻፕማን ቡድን አንጎል የነበረውና የሩማቲዝም ሕመሙን ለመሸፈን እስከ ጉልበቱ የሚወርድ ሰፊ ቁምጣ የሚለብሰው አሌክስ ጄምስም፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1935 ጉልበቱን በፋሻ አስሮ ወደ አስቶን ቪላ ሜዳ ወደ ቪላ ፓርክ ገብቶ በአንድ ጨዋታ ሰባት ግብ ያስቆጠረው ቴድ ድሬክም ሊታለፉ አይገባም ነበር። ድሬክ በ1934/35 በሊጉ ያስቆጠራቸውን 42 ግቦች እስከ ዛሬ ሄንሪም ሆነ ሌላ የክለቡ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን አልደረሰባቸውም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ባጭሩ ልለፋቸው። በ1971 ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን በአንድ ዓመት ያነሳው ቡድን አምበል ፍራንክ ማክሊንቶክ ከዚያ በፊት በዌምብሌይ አራት የፍጻሜ ጨዋታዎችን ተሸንፎ የወጣ ሰው ነበር። በ1971ዱ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ በጭማሪው ሰዓት ሊቨርፑል ላይ የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጥሮ እጆቹን ዘርግቶ በጀርባው ሣሩ ላይ የተንጋለለው ቻርሊ ጆርጅ ደግሞ የሃይበሪ ሰፈር ልጅና ከደጋፊዎች መካከል ቆሞ ክለቡን ሲደግፍ ያደገ ነው። አማካዩ ሊያም ብሬዲም አለ፤ 722 ጊዜ ተሰልፎ ማንም ያልደረሰበት ተከላካዩ ዴቪድ ኦሊሪም አለ። ስለ አዳምስ የጻፋችሁት መልካም ሆኖ ሳለ፣ በ1996 የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናግሮ ከሱሱ መላቀቁን፣ በ2000ም በተመሳሳይ ችግር የተያዙ ስፖርተኞች የሚታከሙበትን ድርጅት ማቋቋሙን መተዋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ብዙ ተጫዋቾቻችን በመጠጥና በጫት በሚባክኑበት በእኛ አገር፣ ከአራቱ የሊግ ዋንጫዎቹ ይልቅ ይህ ለወጣቶች የሚጠቅም ይመስለኛል።

አሁን ወደ 7 ቁጥር ልመለስ። ለልጁ የነገርኩት ስም ዴቪድ ሮካስል ነው። በደቡብ ለንደን የተወለደው ሮካስል በ1985 ለዋናው ቡድን መሰለፍ ጀመረ፤ በ1987 በሊግ ካፕ (ከሊጉ የተለየ ሌላ የጥሎ ማለፍ ውድድር) ግማሽ ፍጻሜ ድጋሚ ጨዋታ በቶተንሃም ሜዳ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረ፤ በ1989 ማይክል ቶማስ በባከነ ሰዓት በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ ባስቆጠራት ግብ የሊጉን ዋንጫ የወሰደው ቡድን ውስጥ ነበር፤ በ1991ም ደግሞታል። ጥቁር ተጫዋቾች በእንግሊዝ ስታዲየሞች ሙዝ ይወረወርባቸውና ይሰደቡ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ሮካስል፣ ቶማስና ፖል ዴቪስ አንድ ላይ የአርሰናልን የመሐል ሜዳ ይዘው ይጫወቱ ነበር። እናንተ ያወደሳችሁት ኢያን ራይትም የሮካስል የሰፈር ልጅ ነው፤ ክለቦች ደጋግመው ሲመልሱት በጉልበት ሥራ ይተዳደር የነበረው ራይት፣ በዕድሜ የሚያንሰው ሮካስል ተስፋ እንዳይቆርጥ ያበረታታው እንደነበር ራሱ ብዙ ጊዜ መስክሯል። ስለዚህ ሮካስል ከዝርዝሩ ሲወጣ የራይትም ታሪክ ይጎድላል። በ1992 ክለቡ ለሊድስ ሸጠው። ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነውና፣ ታሪክን ከ1992 የሚቆጥር ሰው ሮካስልን በቀይ ማልያ ፈጽሞ አያገኘውም። በዚያ ላይ ጉልበቱ ይጎዳው ስለነበር ከዚያ ወዲያ የቀድሞውን ያህል አልሆነም።

እኛ ኢትዮጵያውያን የእንግሊዝን ኳስ በየሳምንቱ መከታተል የጀመርነው በሳተላይት ቴሌቪዥን ዘመን በመሆኑ፣ ስክሪኑ ከበራበት ቀን በፊት የተጫወተ ሁሉ ያልነበረ ይመስለናል። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ጋዜጣ ነው። ስለሆነም ዝርዝሩን በሁለተኛ ክፍል እንድታሟሉትና በ7 ቁጥሩ ሰው እንድትጀምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሮካስል በካንሰር ታሞ መጋቢት 31 ቀን 2001 በሠላሳ ሦስት ዓመቱ አረፈ። በዚያው ቀን አርሰናል በሃይበሪ ከቶተንሃም ጋር ይጫወት ነበር፤ ጨዋታው ሳይጀመር የሁለቱም ክለቦች ደጋፊዎች ቆመው በሕሊና ጸሎት አሰቡት። አርሰናል 2 ለ 0 አሸነፈ። አንዷን ግብ ያስቆጠረው በጽሑፋችሁ በአንደኛነት ያስቀመጣችሁት ሄንሪ ሲሆን፣ ሌላዋን ያስቆጠረው 7 ቁጥር ለብሶ የነበረው ሮበርት ፒሬስ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ