የድሮ ግድብ ስታድሱ ከዝናቡ ጀምሩ
ሰላም ለሁላችሁ፣

የጎርፍ መከላከያ ግድብ እድሳት የያዛችሁ፣ እባካችሁ የድሮውን የዲዛይን ጎርፍ (ግድቡ እንዲችለው ታስቦ የተሰላውን ጎርፍ) እንዳለ አትገልብጡት። ግድቡ ሲሠራ ከበታቹ እርሻ ብቻ ነበር እንበል። ዛሬ ሰው ቤት ሠርቶ የሚኖርበት ከሆነ የአደጋ ደረጃው ተቀይሯል፤ መስፈርቱም አብሮ ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የተፋሰስ ሕግ ከተሠሩት ግድቦች ብዙዎቹ የታሰበላቸው ዕድሜ 50 ዓመት ነበር፣ በ2000 የእድሳት ሕግ የወጣውም ግድቦቹ እያረጁ ስለመጡ ነው። እዚያ፣ ቢደረመስ ሰው ሊገድል የሚችል ግድብ በአካባቢው ሊዘንብ የሚችለው ትልቁ ዝናብ የሚያመጣውን ጎርፍ እንኳ ከአናቱ ሳይፈስ ማሳለፍ አለበት። የ100 ዓመቱ ጎርፍ (በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ የሆነው) ብቻ አይበቃም!

ስሌቱን ለአጭርም ለረጅምም ዝናብ ሥሩት። ትንሽ ተፋሰስ ላይ አጭሩና ኃይለኛው ዝናብ ከፍተኛውን ፍሰት ሊያመጣ ይችላል፣ ረጅሙ ደግሞ በውሃ መጠኑ ግድቡን ይሞላዋል፣ ስለዚህ የትኛው እንደሚብስ ሳታዩ አትወስኑ። ደለሉንም እንደገና ለኩ፤ ወረቀት ላይ ያለው የመያዝ አቅም ዛሬ መሬት ላይ ላይኖር ይችላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሣር የለበሰው የአፈር ማስተንፈሻ፣ ማለትም በትልቅ ጎርፍ ጊዜ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነው። ጎርፉን በስፋቱ ቢችለውም፣ ውሃው ለሰዓታት ሲወርድበት አፈሩ እየተቦረቦረ ወደ ግድቡ ከተጠጋ ስፋቱ ምንም አያድንም። የመሸርሸር ስሌቱን አትዝለሉት።