በቅናሽ የሚሸጥ የፍራፍሬ ችግኝ ሥሩ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመትከያ ወቅት ሊያልቅ ሲል ችግኝ ሻጮች በእጃቸው የቀረውን የፍራፍሬ ችግኝ በቅናሽ ያወጣሉ። እኔም ጓሮዬን ያለማሁት ከሞላ ጎደል በእንዲህ ዓይነት ግዢ ስለሆነ፣ ሰው ከቅናሽ እንዲርቅ ለመምከር አልጽፍም። የምጽፈው በዋጋው መርከስ ብቻ ተስበው ለሚገዙ ሰዎች የደረሰብኝን ለማካፈል፣ ሻጮችንም አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት የአቮካዶ ችግኞችን በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ይደርስ ነበር፤ አጠገባቸው በሙሉ ዋጋ የሚሸጡትን ትንንሾቹን ችግኞች ዞር ብዬም አላየኋቸው። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ አደጉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ውሃ ባጠጣም፣ ፍግ ብጨምርም ባሉበት ቀሩ። በአራተኛው ዓመት አንደኛውን ነፋስ አዘመመው። ላቃናው ብዬ ስይዘው ያለ ብዙ ትግል ከነሥሩ ተነቀለ። አራት ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ ቆይቶ ሥሩ አሁንም የፕላስቲኩን ከረጢት ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ ዋናው ሥር ከታች ታጥፏል፣ ሌሎቹም እንደ ገመድ ተጠማዝዘው የግንዱን ግርጌ አንቀውታል። ወደ አፈሩ ዘልቆ የገባው ሥር በጣት የሚቆጠር ነበር።

ችግኝ በከረጢት ውስጥ ከሚገባው ጊዜ በላይ ሲቆይ፣ ሥሩ የከረጢቱን ግድግዳ ሲነካ መውጫ ስለሚያጣ መዞር ይጀምራል፤ ከተተከለም በኋላ ካልተስተካከለ በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል፣ ግንዱና ሥሩ እየወፈሩ በሄዱ ቁጥርም እርስ በርስ ይተናነቃሉ። በቅናሽ ከወጡት መካከል ትልቁ ችግኝ ብዙ ጊዜ በከረጢቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየው ነው። ስለዚህ ገዢው ቅጠሉን ከማድነቁ በፊት ከረጢቱን ገልበጥ አድርጎ ከታች የወጣ ወፍራም ሥር መኖሩን ይመልከት፤ ሻጩ ከፈቀደም ከረጢቱን በጥንቃቄ አውጥቶ ሥሩን ይይ። ነጣ ያለና ጠንካራ ሥር ጤነኛ ነው። ቀጫጭን ሥሮች ብቻ የዞሩ ከሆነ፣ በሚተከልበት ጊዜ በስለታም ቢላ ከላይ ወደ ታች በሦስት ወይም በአራት ቦታ ሰንጥቆ፣ ከታች የታጠፈውን ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል፤ በዚህ መንገድ ያተረፍሁት አንድ የሎሚ ዛፍ አለኝ። የጠቆረ፣ ሲነኩት የሚላላጥና መጥፎ ሽታ ያለው ሥር ግን በነፃም ቢሰጥ መወሰድ የለበትም፤ በተለይ የአቮካዶን ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ከችግኙ አፈር ጋር ጓሮ ከገባ በኋላ ማስወጣት እጅግ አስቸጋሪ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ችግኙ የተዳቀለ፣ ማለትም የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጋጠመበት፣ መሆን አለመሆኑ ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እንደ እናቱ መሆኑ አይታወቅም። የተዳቀለው ግን በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። የተዳቀለ ችግኝ ከአፈሩ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የመጋጠሚያ ጠባሳ ይታይበታል። ሳይሸጥ በከረመ ችግኝ ላይ የተዳቀለው የላይኛው ክፍል ደርቆ፣ ከጠባሳው በታች ያቆጠቆጠው ለምልሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የለመለመው ቅርንጫፍ ከየት እንደተነሣ ማጣራት ያስፈልጋል። እንዲሁም ትንሽ ችግኝ ላይ የተንጠለጠለ ፍሬ ገዢን ይማርካል፤ ዛፉ ሥር እንዲይዝ ግን በመጀመሪያው ዓመት ያንን ፍሬ መልቀም ይሻላል።

ስለ ዝርያ ስም ደግሞ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በቅናሽ ከሚሸጡት ችግኞች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የስም ወረቀቱ ነውና። ሃስ የተባለው አቮካዶ አበባው ጠዋት በሴትነት (ብናኝ ተቀባይ ሆኖ) ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በወንድነት (ብናኝ ሰጪ ሆኖ) ይከፈታል፤ ፉዌርቴ የተባለው ደግሞ ከሰዓት በኋላ በሴትነት፣ በማግስቱ ጠዋት በወንድነት ይከፈታል። አንድ ዛፍ ብቻውንም ሊያፈራ ይችላል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ግን ንቦች ብናኙን ስለሚያመላልሱ ምርቱ ይሻላል። አብዛኞቹ የፖም ዝርያዎች ደግሞ በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ካላገኙ በደንብ አያፈሩም፤ የሚያስፈልጋቸው የብርድ መጠንም እንደየዝርያው ይለያያል። ስሙን የማያውቅ ገዢ ሁለት ዝርያ የተከለ መስሎት አንዱን ዝርያ ሁለት ጊዜ ይተክላል። በፓፓያ ላይ ችግሩ የተለየ ነው፤ ከዘር የበቀለው እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት ስለማይለይ፣ አንድ ብቻ ከመግዛት ሦስት ወይም አራት ገዝቶ ካበቡ በኋላ ትርፎቹን ወንዶች መንቀል ይበጃል።

ከሻጮች የምጠይቀው በቅናሽ በሚወጣው ችግኝ ላይ የዝርያው ስም፣ ከፍሬ የበቀለ ወይም የተዳቀለ መሆኑ፣ በከረጢቱ ውስጥ የቆየበትም ጊዜ እንዲጻፍበት፣ ገዢም ሥሩን እንዲያይ እንዲፈቀድለት ነው። የቆየ ችግኝ መሸጥ ነውር አይደለም፤ መቆየቱን ያወቀ ገዢ ሥሩን አስተካክሎ ይተክለዋል። እኔ ይህን ማንም ስላልነገረኝ አራት ዓመት ውሃ ያጠጣሁት የታነቀ ሥር ነበር።

ሁለተኛው አቮካዶ እስካሁን ቆሟል፤ በየዓመቱ ያብብና አበባውን ያረግፋል። በሚመጣው የመትከያ ወቅት ነቅዬው፣ በሁለቱም ጉድጓዶች ስማቸው የተጻፈባቸውን ጉልበቴ የማይደርሱ አንድ ሃስና አንድ ፉዌርቴ እተክላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጓሮ አትክልተኛ አንባቢያችሁ