ከብሮንክስ ወደ ደብረ ብርሃን

ውድ እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ባንመረምር ይሻላል። ከተመረመረ ሁለታችንም አናመልጥም። ስለ አገር የሚሰማው ነገር ሲከብድ በቴሌግራም «ደህና ነሽ?» ብሎ መላክ ቀለለብኝ። ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ደግሞ እዚህ ጊዜ የለም። ከአንዷ አዛውንት ቤት ወደ ሌላዋ ስሮጥ ነው የምውለው።

ዛሬ ግን በሙያሽ የመጣ ጉዳይ ይዣለሁ። የስፖርት መምህርት ሆና ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኖረች ሰው ካልሰማችኝ ማን ይሰማኛል?

ልጅሽ አድጋለች። በቁመት በልጣኛለች። አምና ሀይስኩል ስትገባ የደረሳት ትንሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው በሙሉ ቢቆጠር ካንቺ ትምህርት ቤት አንድ ፈረቃ አይሞላም። ዳይሬክተሯ ጠዋት በር ላይ ቆማ ልጆቹን በየስማቸው ትቀበላለች። እኔ ይሄን አይቼ ደስ አለኝ። ልጅሽ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቮሊቦል አላቸው?»

የላቸውም። ቮሊቦል የለም፣ ቅርጫት ኳስ የለም፣ ምንም የለም። ጂሙን አሳዩን። ሕንጻውን ከመለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ስለሚጋሩት፣ ጂም የሚባለው ለትናንሽ ልጆች የተሠራ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በአንድ በኩል የምሳ ጠረጴዛዎች ታጥፈው የተደረደሩበት። አንቺ እዚያ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ብትመቺ መብራቱ ይረግፋል። «ከትምህርት በኋላ ዳንስና ሮቦት አለን» አሉን። «ሮቦቱን እነሱው ይጫወቱበት!» አለችኝ ልጅሽ በአማርኛ። ከየት እንደተማረችው አላውቅም።

እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ ትምህርት ቤቱ ድሃ ስለሆነ ነው። ነገሩ ሌላ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።) ከ2002 ጀምሮ ማይክል ብሉምበርግ የኒውዮርክ ከንቲባ ሳሉ፣ ከተማዋ በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ያጨቁ የድሮ ትልልቅ ሀይስኩሎችን እየዘጋች በቦታቸው ትናንሾቹን ከፈተች። የጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብም ነበረበት። እዚሁ ብሮንክስ ውስጥ ታፍት፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ኢቫንደር ቻይልድስ ይባሉ የነበሩት ሁሉ እንደዚያ ነው የተበታተኑት። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ኤምዲአርሲ የሚባል የጥናት ተቋም ተከታትሎ ሲያየው፣ ትናንሾቹ የገቡት ልጆች ሌላ ቦታ ከገቡት የበለጠ ጨርሰው ይመረቃሉ። ልጅ በስሙ ሲጠራ የሚያመጣው ለውጥ አለ፤ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ግን ትምህርት ቤት ሲቆራረስ ቡድኑ አብሮ አይቆራረስም። የእግር ኳስ ቡድን ሃያ ምናምን ልጅ፣ ሜዳ፣ ፈቃድ ያለው አሰልጣኝና በጀት ይፈልጋል። በትልልቆቹ የድሮ ሕንጻዎች ውስጥ ተሰባስበው የቀሩት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች፣ በሕንጻው ስም አንድ የጋራ ቡድን ያቋቁማሉ። እነሱ በመጠኑ ተርፈዋል። እንደ ልጅሽ ትምህርት ቤት ለብቻው በሆነ ጥግ የተሸጎጠው ነው ባዶ እጁን የቀረው። በሌላ በኩል ደግሞ ትልቅ ሆኖ የቀረውን ሀይስኩል ብታዪ ዋና፣ ቴኒስ፣ መሰናክል ሩጫ፣ ሌላው ቀርቶ የሻሞላ ግጥሚያ ሳይቀር አለው።

የከተማዋን የትምህርት ቤቶች ውድድር የሚመራው ሊግ ከ1903 ጀምሮ ያለ ነው። ያቋቋመው ሉተር ጉሊክ የሚባል የከተማዋ የስፖርት ትምህርት ኃላፊ ነበር። መጀመሪያ ለወንዶች ብቻ ነበር። በ1905 የሴቶች ክፍል ሲከፈት ደግሞ፣ ሴቶቹ የባሕል ጭፈራና ጨዋታ እዚያው ትምህርት ቤታቸው ውስጥ እንጂ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር እንዳይወዳደሩ ተባለ። ይሄን ሳነብ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። «ሴት ልጅ ሜዳ ላይ እግሯን እያሳየች» ያሉንን ሰዎች እዚህም በሱፍ ልብስ አገኘኋቸው።

ወደ ትናንሾቹ ልመለስ። አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ቡድን ሲጠይቁ ከሊጉ እምቢታ ሲበዛባቸው፣ ዴቪድ ጋርሺያ ሮዘን የሚባል የብሮንክስ መምህር የትናንሽ ትምህርት ቤቶች ሊግ የሚል የራሱን አቋቋመ። የሚያስተምረው አዲስ ገብ ስደተኛ ልጆችን በሚቀበል ሀይስኩል ነበር። እንግዲህ አስቢው፤ ከአፍሪካ፣ ከየመን፣ ከዶሚኒካን የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው ገና ነው፣ ኳሱ ግን እግሩ ላይ አለ። ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ልጅ ሜዳ ላይ ነው አፉን የሚፈታው። ለእሱ ቡድን መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ያ መምህር ገብቶታል።

በ2018 ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ክሱ የሚለው፣ ጥቁርና የላቲኖ (የላቲን አሜሪካ ዘር ያላቸው) ተማሪዎች ምንም ቡድን የሌለው ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው ከሌላው እጥፍ ነው። ምንም ቡድን በሌለበት የሚማሩት ጥቁርና የላቲኖ ልጆች ከ17,000 በላይ ናቸው ተባለ። ዘር ለይቶ «እናንተ አትጫወቱም» ያለ ሰው የለም። ትናንሾቹ ትምህርት ቤቶች የበዙት የማን ልጆች ባሉበት ሰፈር እንደሆነ ማየት ብቻ ነው። ክሱ በስምምነት አለቀ። ከተማዋ እስከ 200 አዳዲስ ቡድን ልትጨምርና፣ የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ቡድን በጋራ እንዲጠቀሙ ልታደርግ ተስማማች።

በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በእኛ ቤት እንዴት እንደደረሰ ልንገርሽ።

ልጅሽ የጋራ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን እንዳለ የሰማችው ከአንዲት ጓደኛዋ፣ በኮሪደር ነው። ያውም ጥቅምት ውስጥ። የሴቶች ቮሊቦል እዚህ የመጸው ስፖርት ነው፤ የተጫዋች መረጣው ደግሞ ገና ትምህርት ሳይከፈት፣ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ያልቃል። አሰልጣኟ ያለችው ልምምዱ በሚደረግበት በሌላው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያሉ ልጆች በየቀኑ ስለሚያዩዋት ያውቃሉ። የእኛዋ ማንን ጠይቃ ትወቅ? የትምህርት ቤቷን አማካሪ ስጠይቃት «ኢሜይል ልከን ነበር» አለችኝ። በዚህ አገር ኢሜይል ከተላከ ሰው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

እና አምና ቮሊቦሉ አመለጣት። የዚህ አገር ብርድ ሲገባ የቤት ውስጥ ሩጫ ላይ ተመዘገበች። አሰልጣኙ «ከየት ነሽ?» ሲላት «ወላጆቼ ኢትዮጵያውያን ናቸው» አለችው። አይኑ በራ! ሰዓት መያዣውን እስኪያወጣ አልቻለም አለችኝ። አንድ ዙር ሮጠች፣ ሁለተኛውን ሮጠች፣ ከዚያ ሰውየው ሰዓቱን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተ። ስትነግረኝ በሳቅ ፈረስኩ። ብሮንክስ ደግሞ በዚህ የታወቀች ናት፤ የእኛ ሯጮች ብዙ ናቸው። በ2011 የኒውዮርክ ማራቶንን ፍሬሕይወት ዳዶ ስታሸንፍ ሁለተኛ የወጣችው ቡዙነሽ ደባ የዚሁ የብሮንክስ ነዋሪ ነበረች። ሰው ታዲያ ሯጭነት ከእንጀራ ጋር የሚበላ ይመስለዋል። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ አስተማሪ ጠዋት ጠዋት እየተነሱ ልጆቹን እንደሚያሠለጥኑ፣ እነ ደራርቱና ቀነኒሳ በእሳቸው እጅ እንዳለፉ ማን ይንገረው? ያላስተማሩት ልጅ ዝም ብሎ አይሮጥም።

ዘንድሮ ግን አልተኛሁም። ከሐምሌ ጀምሮ የአሰልጣኟን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። የሐኪም ፎርም አስሞላሁ፣ የወላጅ ፈቃድ ፈረምኩ፣ ለመረጣው ራሴ ወሰድኳት። ገባች! ቋሚ አይደለችም፤ ተቀያሪ ናት። ግን ማሊያ አላት፤ ጀርባው ላይ 14 ቁጥር።

አሁን ችግሩ መንገዱ ነው። ትምህርቷ ሲያልቅ ሌላ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ባቡር ቀይራ ትሄዳለች። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ደረጃ ወርደው ጂም ሲገቡ፣ የእኛዋ ገና ባቡር ውስጥ ናት። ስትደርስ ማሞቂያው አልቋል። አሰልጣኟ ደግ ሴት ስለሆነች አትቆጣትም፤ ግን ዘግይቶ የሚደርስ ልጅ መቼ ነው ቋሚ የሚሆነው? አንዱ የተስተካከለው ነገር የተማሪ የትራንስፖርት ካርድ ነው። ድሮ በትምህርት ቀን ብቻ፣ ለ3 ጉዞ፣ እስከ ምሽቱ 2፡30 ነበር የሚሠራው። አስዪው፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ልምምድ፣ ከዚያ ወደ ቤት፣ አለቀ። ጨዋታው ሌላ ቦታ ከሆነ ወይም ከመሸ ከኪስሽ ነው። ከ2024 መስከረም ወዲህ በቀን 4 ጉዞ፣ በማንኛውም ሰዓት ሆኗል። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ይሄን እንደ ስፖርት ጉዳይ አያየውም። ለእኔ ግን ከ200ው ቡድን በላይ የጠቀመኝ ያ አራተኛው ጉዞ ነው።

ባለቤቴ መጀመሪያ ያው የእኛ ሰው ነው። «ኳስ ምን ይሠራልሻል፣ ተማሪ!» እያለ አስጨንቋት ነበር። በኋላ ለቡድኑ ለመጫወት ክፍል መገኘትና ማርክ ማምጣት ግዴታ መሆኑን ሲያውቅ ዝም አለ። ሒሳብ የወደቀች ዕለት ማሊያውን እንደምታስረክብ ስለምታውቅ፣ ሳትጠየቅ ታጠናለች። አሁን እሱ ነው ጨዋታ መቼ ነው እያለ የሚጠይቀው። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው እናቶች ደግሞ ለልጆቻቸው የግል ክለብ ይከፍላሉ። በዓመት ሺዎች ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ሰፊ ሰፈር ያሉት ጭራሽ ይሄን ችግር አያውቁትም። እኔ ያንን ብር የለኝም፤ ስለዚህ የመንግሥቱ በር መከፈት አለበት፤ ልጄ ያላት እሱ ብቻ ነው።

የእኛን ጊዜ አስቤ ነበር። አላሳምረውም። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ እየሆንን፣ ማሊያ ከወንዶቹ ተውሰን፣ መረቡ በሲባጎ ተቀጥሎ። የጠባሴ ንፋስ ኳሷን ወስዶ ገብስ ማሳ ውስጥ ሲጥላት ጨዋታው ይቆማል። ግን ክፍል ለክፍል ሲባል 9ኛ ሐም ቡድን ነበረው፣ 9ኛ መም ነበረው። መጥፎ ተጫዋችም ቢሆን ይገባል፤ ሰው አይሞላማ! ልምምዱም እዚያው፣ ደወል እንደተደወለ። እዚህ አገር ሁሉ ነገር እያለ የጠፋው ይሄ ነው። ትንሹ ትምህርት ቤት እርስ በርሱ እንኳ የሚጋጠምበት ነገር ቢኖረው አንድ ነገር ነበር። ለዳይሬክተሯ ነግሬያታለሁ፤ ግቢው ውስጥ መረብ ወጥሩና ክፍል ለክፍል አጫውቱ ብዬ። «አስደሳች ሐሳብ ነው» አለች። ይሄ እዚህ አገር እምቢ ማለት ይሁን እሺ ማለት ገና አልለየልኝም። ሰኞ ደግሜ እሄዳለሁ።

ለዚያ ነው አንቺን የምፈልግሽ። ክፍል ለክፍሉን እንዴት እንደምታዘጋጂው ጻፊልኝ፤ ስንት ልጅ በቡድን፣ በምን ሰዓት፣ ዳኛው ማን፣ ከጂም ውጭ ሲሆን ምን ይደረጋል። እተረጉመውና ለሴትየዋ እሰጣታለሁ። ከደብረ ብርሃን መምህርት የመጣ ነው ብላት ትፈራኛለች።

ሌላው፣ የልጅሽ ሰርቪስ መረብ ላይ ይቀራል። እጇ ይደርሳል፣ ጉልበትም አላት፤ የሆነ ነገር ግን አለ። እኔ እንደሆንኩ ድሮም የምታውቂው ነው፣ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ቅዳሜ ቪዲዮ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ኔትወርክ ሲኖር አይተሽ በድምፅ መልሺላት። አማርኛ ትሰማለች፤ ብቻ ፈጠን ፈጠን አትበይባት።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ